የተሸፈነው ባሕር

ጋሽ ቢሆነኝ የሚፈሩት ሰውን ነበር ወይስ የገዛ ዓይናቸውን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዤው ተቀምጫለሁ፤ መልስ አላገኘሁለትም። እሳቸውም ቢጠየቁ የሚመልሱት አይመስለኝም። ስለዚህ ያየሁትንና ከራሳቸው አፍ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ የቀረውን አንባቢ ይፍረድ።

የምንኖረው ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነው። የእኔ ጣሪያ የእሳቸው ወለል ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲሄዱ መሬት መሬቱን የሚያዩ ሰው ናቸው። ሰላምታ አያጓድሉም፤ ፊት ግን አያዩም። አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ስጦታቸውን አስረክበው፣ እናቲቱን መርቀው፣ ሕፃኑን ዞር ብለው ሳያዩ ይወጣሉ። ጎረቤት መኪና ገዝቶ፣ "ጋሼ፣ እንዴት አዩዋት?" ቢላቸው፣ "እግዚአብሔር ይጠብቃት" ብለው ጎማዋን ብቻ አይተው ያልፋሉ። ይህን ኩራት ነው የሚል አለ፤ ዓይነ አፋርነት ነው የሚልም አለ። የሚደብቁት ነገር አለ የሚሉም አልጠፉም፤ እኔ ከእነዚህ ወገን ነበርኩ። ባለቤታቸው እማማ ተናኜ ግን በቀልድ ያልፉታል።

"የእኔ ባል በሰርጋችን ዕለት ያየው እግሬን ብቻ ነው" ይላሉ። "እግሬ ባያምር ኖሮ ይኼኔ ሌላ አግብቶ ነበር።"

ሥራቸው ጽዳት ነው። የቀጠራቸው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ሠራተኛ የሚያቀርበው ተቋራጭ ነው፤ እኛ ካብላን የምንለው። ካብላን ሰውን እንደ ወንበር ያዛውራል። ዛሬ ትምህርት ቤት፣ ነገ የገበያ ማዕከል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ። ጋሽ ቢሆነኝ ግን ከዚያ ትምህርት ቤት እንዳይነሱ ብዙ ነገር ችለው ኖረዋል፤ ምክንያቱም የልጅ ልጃቸው አቪታል እዚያ ትማራለች። ከሰዓት በኋላ ባለው ክበብ ትቆይና እሳቸው ሲጨርሱ አብረው ወደ ቤት ይመጣሉ። እሷ በዕብራይስጥ ታወራለች፣ እሳቸው በአማርኛ። መግባባታቸውን እንጃ፤ ወሬው ግን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ደረጃችን ድረስ አይቋረጥም ነበር። ከሥራቸው ሁሉ የሚወዱት ይህን መንገድ ነው። ይህን ያወቅሁት መንገዱ የተቋረጠ ጊዜ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2015፣ ወጣቶቻችን ቴል አቪቭ አደባባይ ለተቃውሞ በወጡበት ዓመት፣ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ ነው። ዳፍና የምትባል አዲስ የሳይንስ መምህርት፣ በልጆቹ አጠራር ሞራ ዳፍና፣ አቪታል የምትማርበት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ባሕር ተከለች። ባሕር ያልኩት ልጆቹ ያሉትን ይዤ ነው። ዕቃው ረጅም የመስታወት ገንዳ ነው፤ ከበስተኋላው ግድግዳው ጋ አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚገባበት ክፍተት ቀርቷል፣ ሽቦውና ቱቦው የሚያልፍበት። ልጆቹ በተጣራ ውሃ ውስጥ ጨው እየበጠበጡ፣ ጨዋማነቱን እየለኩ ሞሉት። መካከሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ እንደ ተራራ ከመሩበት። ከዚያ መምህርቷ "አሁን መጠበቅ ነው" አለቻቸው። ውሃው ራሱን እስኪያዘጋጅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ድንጋዩ ላይ ሳይባዙ ዓሣ ከገባ ይሞታል። ልጆቹ ያን ሁሉ ሳምንት ድንጋይ ሲያዩ ከረሙ።

በኅዳር መጨረሻ፣ በሐኑካ በዓል ሰሞን፣ ሕይወት ገባበት። ቀንድ አውጣዎች፣ ሽሪምፕ የሚባሉ ቀጫጭን፣ ባለ ብዙ እግር የባሕር ነፍሳት፣ ነጭ መስመር ያላቸው ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፤ በመጨረሻም ኮራል የሚባሉት፣ ድንጋይ መስለው ግን እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ ፍጥረቶች። አቪታል ያን ቀን ከአያቶቿ ቤት ስታወራ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ እማማ ተናኜ የሆነውን እየሳቁ ነገሩኝ።

"ይበላል ወይ?" ብለው ጠየቋት።

"ሳቭታ! አይበላም!" አለች፤ ሳቭታ ሴት አያት ማለት ነው።

"ሽሪምፑስ በኦሪት ሕጋችን አይበላም፤ እሱን ተዪው። ዓሣው?"

"ዓሣው እንዲህ ትንሽ ነው!"

"ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?"

"እናየዋለን።"

"ለማየት ብቻ?"

"ለማየት ብቻ። ሳባ፣ አንተም ስታጸዳ እየው፣ ቤሰደር?" ሳባ ወንድ አያት፣ ቤሰደር እሺ ማለት ነው። አቪታል አያቷን አንተ ነው የምትለው፤ እርስዎ ማለት አልተማረችም። ጋሽ ቢሆነኝ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። እማማ ተናኜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸውን አቆሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቢሆነኝ ከቤት አንድ ያረጀ አንሶላ ይዘው መሄድ ጀመሩ። አበባው የደበዘዘ አንሶላ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሊገቡ ሲሉ በሁለት እጃቸው ፊት ለፊታቸው ይዘረጉትና እንደ መጋረጃ ይዘውት ይገባሉ፤ ገንዳው ላይ ይጥሉበታል። ወለሉን ይወለውላሉ፤ ከገንዳው ኋላ ያለውን ክፍተት በጎናቸው ገብተው ያጸዳሉ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አንሶላውን ከኋላቸው ይስቡታል። ይወጣሉ። ይህን ያየችው መምህርቷ ብቻ ናት። መነጽሯን ረስታ ስትመለስ ባሕሯ እንደ ሬሳ ተሸፍኖ አገኘችው።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለቻቸው።

"ጽዳት" አሉ በዕብራይስጥ።

"እሱ ለምን ተሸፈነ?"

"ቤሰደር፣ ቤሰደር" አሉ። ከዚያ በላይ ዕብራይስጥ አልነበራቸውም። እሷም ውሃ እንዳይረጭበት ይሆናል ብላ ሄደች።

አንሶላውን እኔም አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ ከመስኮቴ በላይ ባለው ገመድ ላይ ይሰጣል። ኤኮኖሚካ ይሸታል፤ ወለል የሚታጠብበት በረኪና። የማን አልጋ ነው በየሳምንቱ በበረኪና የሚታጠበው እያልኩ አስብ ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቻቸው፣ "ጋሼ፣ ይህ አንሶላ የት ይውላል?" አልኳቸው።

"ሥራ ላይ" አሉኝ፣ ጫማዬን እያዩ።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ እየተላቀቁ ወደቁ። ከዚያ ሽሪምፖቹ በጎናቸው ተኝተው ተገኙ። ኮራሎቹ ተዘጉ፤ አልተከፈቱም፤ አንዳንዱ ነጣ። ዳፍና ውሃ ቀየረች፣ መብራት ቀነሰች፣ ምግብ ቀነሰች። ሞቱ አልቆመም። ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ፈንዲሻ የሚበላ አንድ ልጅ ነው። ቀጥሎ መስኮት የከፈተች ልጅ። ከዚያ ዳፍና የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫውን ከፍታ አንሶላውን አገኘች፤ አሸተተችው። በዚያ ቀን ጥርጣሬው ቤቱን አገኘ።

ልጆች የሰሙትን አያሳድሩም። "ሳባሽ ባሕራችንን ኤኮኖሚካ አጠጣው" አሏት አቪታልን። "ለዚህ ነው የሚሸፍነው፣ ሲያጠጣው እንዳይታይ።" አንዱማ ከኋላዋ እየሄደ፣ "ሳባሽ ቤትም ሾርባችሁን እንዲህ ይሸፍናል?" ይላት ነበር።

ወደ ቤት ስትመጣ አያቷን በር ላይ አቆመቻቸው።

"ሳባ፣ ለምንድን ነው የምትሸፍነው?"

"ለእነሱ ብዬ ነው።"

"ለማን? ለዓሦቹ?"

ቁልፋቸውን ከኪሳቸው መፈለግ ጀመሩ።

"ሳባ፣ አንተ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን እንደምትሸፍነው ንገራ!"

አልነገሯትም። ከዚያ በኋላ አቪታል ከክበቡ ቀድማ እየወጣች ብቻዋን ወደ ቤት መምጣት ጀመረች። ጋሽ ቢሆነኝም ብቻቸውን ይመጣሉ። ሌሊት ከራሴ በላይ ሲመላለሱ እሰማለሁ፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። መጽሐፌን አስቀምጬ፣ ያላደረገ ሰው ለምን እንቅልፍ ያጣል እል ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ስትጠራቸው ልጃቸው፣ የአቪታል እናት፣ ሥራ ላይ ነበረች። ስለዚህ የእኔን በር አንኳኩ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ዕብራይስጥህ ጥሩ ነው ይላሉ። ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርስልኛለህ?"

"አደርሳለሁ ጋሼ።"

ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህርቷና ዳፍና ተቀምጠዋል፤ አንሶላው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ስተረጉም እኔ "እርስዎ" እያልኩ ጨመርኩ። ከዚያ በቀር አልጨመርኩም።

"ማንም ሆን ብለህ አደረግህ አላለም" አለች። "ባልዲ ይዘህ ታልፋለህ፤ ትንሽ ይረጫል፤ ደንግጠህ ሸፈንከው። ይሆናል። ይህን ብቻ በለኝ። 'ትንሽ ረጭቶብኛል፣ ይቅርታ' በል፤ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፣ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ቦታህ ላይ ትቆያለህ።"

"ካላሉስ?" ብዬ በራሴ ጠየቅሁ።

"ካላለ ልጆቹም ወላጆቹም ዝም አይሉም። ለካብላኑ ሌላ ሰው ላክ እለዋለሁ። ምን ላድርግ?"

ነገርኳቸው። እውነቴን ለመናገር፣ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ጋሽ ቢሆነኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አላደረግሁም በላት።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ብቻ ይበሉ ነው የምትለው፤ ሥራዎ እንዳለ..."

"አባቴ እንትፍ አለ፤ እኔ አልልም። በላት።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሴቶቹ አፌን ያያሉ። "አላደረግሁም ይላሉ" አልኩ። ዳፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ርዕሰ መምህርቷ እስከ ዓርብ እቤት እንዲቆዩ፣ ዓርብ ግን ቁርጡ እንደሚነገራቸው ተናገረች።

ስንወጣ አውቶቡስ አልፈለጉም፤ በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

አባታቸው ደምቢያ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ሠርተው ገበያ ያወጣሉ። አገሩ ማረሻቸውን ይገዛል፤ ማዕዳቸው ላይ ግን አይቀመጥም። የእኛን ሰው ቡዳ ይሉት ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉት ነበር። ቢሆነኝ ልጅ ሳሉ አንድ የገበያ ቀን አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ሕፃኑ ሳቀላቸው። እሳቸውም ሳቁለትና፣ "እንዴት ያምራል!" አሉ። እናቲቱ ልጇን በነጠላ ሸፍና ተነሥታ ሄደች። ሲመሽ ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት፣ ሰዎች ዱላ ይዘው፣ ቀጥቃጩ ቤት መጡ።

"'እንትፍ በልበት' አሉት አባቴን" አሉኝ። "ቡዳ የበላውን እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። አባቴ ቆመ። እንትፍ ካለ፣ 'አዎ፣ እኔ በልቼዋለሁ' ማለት ነው። እንቢ ካለና ልጁ ከሞተ ደግሞ ቤታችን ላይ እሳት ነው። ብዙ ቆመ። ከዚያ እንትፍ አለ።"

"ልጁስ?"

"ዳነ።" ትንሽ ሄዱ። "እኛን የጨረሰን መዳኑ ነው። ቢሞት ኖሮ 'ምናልባት በሽታ ነው' የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። ከዳነ በኋላ ግን አባቴ ሲያልፍ የማይሸፈን ሕፃን አልነበረም። አባቴም ለእኔ፣ 'ከእንግዲህ የሰው ነገር ስታይ መሬት እይ' አለኝ።"

"ለአቪታል ይህን ለምን አልነገሯትም?"

"እኔ እዚህ አገር የመጣሁት" አሉ፣ "እሷ ይህን ቃል ሳትሰማ እንድታድግ ነው። አሁን እኔው ላሰማት?"

ያኔ ገባኝ። ራሳቸውን ነፃ የሚያወጣቸው ቃል ያው ሊቀብሩት የመጡት ቃል ነው። ካልተናገሩ ሥራውንና ከልጅቱ ጋር የሚሄዱበትን መንገድ ያጣሉ። ከተናገሩ ልጅቱ አያቷን ስታይ የምታየው ሌላ ነገር ይሆናል። ቢሆንም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ሰውየው በረኪና አላፈሰሱም፤ ይህን አመንኩ። ግን ዓይናቸው ምንም እንደማያደርግ እርግጠኛ ቢሆኑ ኖሮ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ አንሶላ ለምን ይዘረጉ ነበር? ይህንን ግን አልጠየቅኋቸውም።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ልጆቹ ለሰንበት ከተበተኑ በኋላ፣ እንደገና ሄድን። ርዕሰ መምህርቷ ወደ ክፍሉ ወሰደችን። ገንዳውን የተከለው አሎን የሚባል ሰው እዚያ ነበር፤ ሆዱ የገፋ፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ተናጋሪ ሰው። ዳፍና የቀረውን እንዲያድንላት ጠርታው ነው። አቪታልም አልሄደችም፤ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች። አያቷን ሰላም አላለቻቸውም። እሳቸው በር ላይ ቆመው ወለሉን ያያሉ።

"ኤኮኖሚካ ነው አላችሁኝ" አለ አሎን። "ኤኮኖሚካ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞቱት ዓሦቹ ናቸው። ዓሦቹ ይኸው፣ ከእኔ ይሻላሉ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለች ዳፍና።

ከገንዳው ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ ጠብታ ጨመረበት። ውሃው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። አሎን ፉጨት አሰማ።

"መዳብ። ዓሣ ለጊዜው ይችለዋል፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ፣ ኮራልም፣ አይችሉም። እዚህ ውስጥ አንድ ብረት ነገር አለ። ከፊት አይታይም። ከኋላ በኩል ማን ይገባል?"

"እሱ ብቻ" አለች ዳፍና። ሁላችንም ወደ ጋሽ ቢሆነኝ ዞርን። እንደዚያ ያለ አስተያየት እኔም ሱቅ በር ላይ ከዘበኛ ዓይን ውስጥ አይቼው አውቃለሁ።

አሎን ወደ ክፍተቱ ለመግባት ሞከረ፤ ሆዱ አላስገባውም። "ሚስቴ ነግራኝ ነበር" አለ። አቪታል ቦርሳዋን ጣል አድርጋ፣ "እኔ ልግባ" ስትለው፣ "ሽቦ አለ፣ ልጅ አይገባም" ብሎ መለሳትና ወደ ጋሽ ቢሆነኝ ዞረ። "አንተ ቦታውን ታውቀዋለህ። ያላ፣ ግባና እይልኝ።"

ተረጎምኩ። ጋሽ ቢሆነኝ አልተነቃነቁም። የዳፍና ቅንድብ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። ሊያሳየን የማይፈልገው ነገር አለ እያለች እንደሆነ ገባኝ። እኔም በልቤ፣ አሁን እንቢ ካሉ ማንም አያድናቸውም አልኩ።

"ሳባ" አለች አቪታል፣ በአማርኛ። "እይልኝ።"

ልጅቱን ቀና ብለው አላዩዋትም። ግን ሄዱ። በጎናቸው ወደ ክፍተቱ ገቡ፤ ትከሻቸው ግድግዳውን፣ ደረታቸው መስታወቱን እየነካ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ ገለጡት።

ብዙ ቆዩ። በመስታወቱና በውሃው ውስጥ አሻግረን ፊታቸውን እናያለን፤ ሰፍቶና ተንቀጥቅጦ። ሁለቱ ዓሦች ሰው ሲቀርብ ምግብ ይጠብቃሉና ድንጋዩን ዞረው ወደ እሳቸው ሄዱ። ፊታቸው ፊት ለፊት ቆሙ። ጋሽ ቢሆነኝ ፊታቸውን አላዞሩም።

"ሳንቲም" አሉ በመጨረሻ። "ሳንቲም አለ። ከድንጋዩ ኋላ። ብዙ።"

አሎን በረጅም መቆንጠጫ አወጣው። ባለ አሥር አጎሮት፣ ቢጫዎቹ ሳንቲሞች ናቸው፤ ግማሹ አረንጓዴ ለብሷል። ዳፍና አፏን ያዘች። አቪታል ማልቀስ ጀመረች።

"ከፈተና በፊት እንጥላለን" አለች። "ምኞት ተመኝተን። ሞራ ዳፍና እንዳታየን ከድንጋዩ ኋላ። ቀንድ አውጣዎቹ ሲታመሙ ደግሞ... እንዲድኑ ብለን ጨመርን።"

"እንዲድኑ ብላችሁ?" አለ አሎን።

"እኔ የመጨረሻውን የጣልኩት ለሳባ ነው። እሱ እንዳይሆን ብዬ።"

ርዕሰ መምህርቷ ለካብላኑ እንደምትደውል፣ ጋሽ ቢሆነኝ ሰኞ ወደ ሥራቸው እንደሚመለሱ ተናገረች። ይቅርታም አለች። ዳፍና ግን ገና አልጨረሰችም።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "በየቀኑ እዚያ ትገባለህ። ሳንቲሙ ከአፍንጫህ ሥር ነው። ባየኸው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እናወጣው ነበር፤ አንዱም አይሞትም ነበር። እንዴት አላየኸውም?"

ተረጎምኩላቸው። ይህን ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥተው ማለፍ ይችሉ ነበር። ዓይኔ ደክሟል ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? እሳቸው ግን ከክፍተቱ ወጥተው አቪታል ፊት ቆሙና በአማርኛ፣ ለእሷ፣ ተናገሩ።

"በአገራችን ዓይናችሁ ይገድላል ይሉን ነበር። የወደዳችሁትን ነገር ዓይኔ እንዳይነካው ብዬ ሸፈንኩት።"

አቪታል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ማን ነው ያላችሁ?"

"ጎረቤቶቻችን።"

"እና እውነት ነው?"

ያኔ ቀጥ ብለው ፊቷን አዩት። እንደዚያ አድርገው ሰው ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም።

"እሁድ እናያለን" አሉ።

ዳፍና ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። "ዓይኑ ደክሟል" አልኳት። ያን ዕለት ቃላቸውን ያጎደልኩት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አሎን ውሃውን ቀይሮ፣ መዳብ የሚመጥ ማጣሪያ አስገብቶ፣ "ዓሦቹ ይተርፋሉ ብዬ አስባለሁ፤ ዋስትና ግን የለኝም" ብሎ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ለሰንበት ተቆለፈ፤ የሚከፈተው እሁድ ነው።

ያን ሰንበት ጣሪያዬ አላረፈም። ቅዳሜ ሲመሽ እማማ ተናኜን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው።

"ትናንትም አልተኛ፣ ዛሬ ቀንም አልተኛ" አሉኝ። "'ሁለት ዓሣ ነው እኮ፣ ሲሞት አይተህ አታውቅም?' አልኩት።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ ምን ትላለህ? ቢሞቱስ?"

ምን እላለሁ? ቢሞቱ ከመዳቡ ነው እንል ነበር፤ አሎንም፣ ዳፍናም፣ እኔም። እሳቸው ግን ምን እንደሚሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅቱ ምን እንደምትል፣ አላወቅሁም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ጋሽ ቢሆነኝ ሕንጻው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነዎት?"

"ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው" አሉ። ቀኑ ደመና ነበር።

አቪታል መንገዱ ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ስትሮጥ አልነበረም፤ በዝግታ ነው የምትመጣው። ጋሽ ቢሆነኝ አግዳሚውን ጨበጡ። ልጅቱ እስክትደርስ ድረስ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም።

"ሁለቱም አሉ" አለች፣ ቦርሳዋን እያወረደች።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። እንደውም አንዱ ኮራል ትንሽ ተከፍቷል። ነገ ስትመጣ አንሶላ እንዳታመጣ ብላለች ሞራ ዳፍና።"

"በልተዋል?"

"ማን?"

"ዓሦቹ።"

"በልተዋል፣ ሳባ! ምን ሆነሃል?"

"እንግዲያው ነገ ጠብቂኝ፤ አብረን እንመጣለን" አሉ።

"ቤሰደር።"

ተነሡ፤ ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። አቪታል ከኋላቸው ቦርሳዋን እየጎተተች ተከተለች። እኔ ቤቴ ገብቼ ዳቦውን ሳስቀምጥ ከላይ ጥቂት እርምጃ ሰማሁ፤ ከበሩ እስከ አልጋው። ከዚያ አንድ ጫማ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውን ስጠብቅ ቆየሁ፣ አልወደቀም። እማማ ተናኜ በኋላ እንደነገሩኝ አንድ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው እንቅልፍ የጣላቸው። ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።